የሰኞ ቀሪዎች የፍላጎት ማጣት ማስረጃ አይደሉም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በወረዳችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ፤ ከባልደረቦቼም ያላነበበው የለም። ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑን አልክድም። የማልቀበለው ከባዶ ዴስኮቹ ፎቶግራፍ ሥር የሰፈረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተማሪዎቹ «መብራትና ኢንተርኔት ባለበት ከተማ እየኖሩ» ሰኞ ጠዋት ክፍል አለመገኘታቸው «የፍላጎት ማጣት» ምልክት ተደርጎ ቀርቧል።

ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ግን የከተማ ልጆች አይደሉም። በየቀበሌያቸው እስከ 8ኛ ክፍል ተምረው፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአቅራቢያቸው ስለሌለ፣ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የገበሬ ልጆች ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ወደ ቤተሰቦቻቸው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜና እሑድን እንደ ወቅቱ ሲያርሙ፣ ሲያጭዱ ወይም ከብት ሲጠብቁ ውለው የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። ወንዝ ሞልቶበት ከማዶ ያደረ ወይም እንጀራው እስኪጋገርለት የጠበቀ ልጅ የሚደርሰው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እኔ የአንድ የ12ኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። ጠዋት «ቀሪ» ብዬ የመዘገብኩት ልጅ ከዕረፍት በኋላ እግሩ ጭቃ እንደያዘ ይገባል፤ የስንቁን ቋጠሮ ከዴስኩ ሥር አስቀምጦ ያመለጠውን የሒሳብ ማስታወሻ ከጓደኛው ደብተር መገልበጥ ይጀምራል። ጋዜጠኛችሁ ፎቶግራፉን ያነሳው ከዕረፍት በፊት ነው። እስከ እኩለ ቀን ቢቆይ ምን ይጎድልበት ነበር? የስም መጥሪያውንና የተማሪዎቹን አድራሻ የያዘውን መዝገብ እንዲያይ ብጠይቀው ጊዜ እንደሌለው ነግሮኝ ሄዷል። አንድም ተማሪ አላነጋገረም፤ አንድም ወላጅ አልጠየቀም።

ሠንጠረዡም በዚሁ ስህተት ላይ የተሠራ ነው። ትምህርት ቤታችንን ከአንድ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ጎን አስቀምጣችሁ ያሳለፉትን ተማሪዎች በመቶኛ አወዳድራችኋል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከብዙ አመልካቾች መካከል በፈተና መርጦ ይቀበላል፤ የተቀበላቸውንም ምግብና መኝታ ችሎ ያስተምራል። እኛ የ8ኛ ክፍል ፈተናን ያለፈ ልጅ ሁሉ ይመጣልናል፣ እንቀበላለንም፤ መቀበላችንም ተገቢ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው እስከ 8ኛ ክፍል ተምሮ የመጣ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲማር ይጠበቃል፤ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በእጁ ካልገባ ደግሞ በስልክ የሚነበብ ቅጂ ካለው ጓደኛው ተራ ይጠብቃል። በዘገባችሁ ስለዚህ ሁሉ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

የአገሪቱን አኃዝ ብታስታውሱ ኖሮ ወደዚያ ድምዳሜ ባልቸኮላችሁ ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። የእነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በአንድ ዓመት ፍላጎታቸውን አጡ ብላችሁ ልትጽፉ ነው? የመምህራን ድክመት የለም አልልም፤ የአስተዳደርም ችግር አለ፤ በእነዚህ ላይ ብትጽፉ ከጎናችሁ እቆማለሁ። እናንተ ግን መልስ መስጫ መድረክ የሌላቸውን ልጆች መርጣችሁ ጻፋችሁባቸው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ዘገባው ያስከተለው ጉዳት ነው። ዘገባው ከወጣ በኋላ የአንዲት ተማሪዬ አባት ከገጠር ድረስ መጥተው «መምህር፣ ልጅቷ ሰኞ ሰኞ የት ነው የምትውለው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ስንቋን አሸክመው የሚሸኟት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ከተማ ገብታ ትምህርቷን ትታ የምትዞር መስሏቸው ወደ ቤት ሊመልሷት ነበር የመጡት። ሴት ልጅን ብቻዋን ቤት ተከራይቶላት ለማስተማር ለመፍቀድ አንድ የገጠር አባት ከዘመድ ከጎረቤት ስንት ወቀሳ እንደሚችል የምታውቁ አይመስለኝም። መዝገቡን ገልጬ የሰኞዎቹን ከሰዓት አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ ለጊዜው ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ወደ እኔ ሳይመጡ ልጆቻቸውን ያስቀሩ ሌሎች ወላጆች መኖራቸውን ግን እፈራለሁ።

ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር በወጣበት ቦታና በዚያው ጉልህነት እንዲታረም እጠይቃለሁ። ሠንጠረዡንም በድጋሚ የምታወጡት ከሆነ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጎን ተማሪዎቹ ሲገቡ የነበራቸውን የ8ኛ ክፍል ውጤት፣ ከገጠር ቀበሌ የመጡትን ብዛት፣ 9ኛ ክፍል ከገቡት ውስጥ 12ኛ ክፍል የደረሱትን ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ አስፍሩ። የእኛ ትምህርት ቤት መረጃ በመዝገብ ቤት ይገኛል፤ ጋዜጠኛችሁ ተመልሶ ቢመጣ አብሬው ተቀምጬ ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር