ስለ እርጅና ለመማር አረጋውያንን ጥሎ መሄድ እንዳይኖር፦ ከሰሜን ሸዋ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተጉለትና ቡልጋ፣ ለመንዝ፣ ለይፋት፣ ለመርሐቤቴ፣ ለሞረትና ጅሩ፣ ለምንጃር ልጆች፤ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ ወገኖቻችን። ስለ እርጅና በኢንተርኔት የሁለተኛ ዲግሪ እንዲማሩ ለምንፈልጋቸው ስድስት ልጆቻችን ድጋፋችሁን እንጠይቃለን።

አያቴ መንዝ ውስጥ፣ በድንጋይ በተሠራችው ቤቷ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው መለየት አቃታት። እኔን በሞተች እህቷ ስም ትጠራኝ ጀመር። ሌሊት እየተነሣች ከብዙ ዓመት በፊት የተሸጠ በሬ ትፈልጋለች። ትኩሳት አልነበራትም፤ አላሳላትም፤ «አመመኝ» አላለችም። በቃሬዛ ተሸክመን ባደረስናት የጤና ተቋም የተነገረን «እርጅና ነው» የሚል አንድ ቃል ነበር። ይዘናት ተመለስን። በአራተኛው ቀን ሌላ ቦታ ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘባት። መድኃኒት በጀመረች በሳምንቱ «በጎቹን ማን አስገባቸው?» ብላ ጠየቀችን። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች፤ ሱፍ እየፈተለች፣ እየመከረችን፣ የተጣላ እያስታረቀች።

ያን ጊዜ እኔ ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። አረጋዊ ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው ትኩሳት ላያሳይ እንደሚችል፣ ድንገት የመጣ መቀባዠር ብቻውን የሕመሙ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ስለ ሕፃናት ሕክምና በሰፊው ተምሬአለሁ፤ ስለ አረጋውያን የተማርኩት ግን በጥቂት ገጽ የሚያልቅ ነበር። ስለዚህ «እርጅና ነው» ያሉንን ሰዎች ለመውቀስ ድፍረቱ የለኝም። እነሱም እንደ እኔ ያልተማሩትን ነው ያላወቁት።

ይህን ክፍተት የሚሞላ የትምህርት ዘርፍ አለ፤ ጄሮንቶሎጂ ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣው ሳይንቲስቱ ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ጄሮንቶሎጂ የሕክምና ትምህርት ብቻ አይደለም። ሰው ሲያረጅ አካሉ፣ አእምሮው፣ ኑሮው፣ ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት እንዴት እንደሚለወጥ በአንድነት ያጠናል። አንዲት እናት ለምን ደጋግማ እንደምትወድቅ ሲጠይቅ ጉልበቷን ብቻ አይመለከትም፤ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የዓይኗን ሞራ፣ የቤቷን ደፍ፣ ሌሊት ለሽንት የምትወጣበትን ጨለማ ሁሉ ይመለከታል። የመስማት ችግር ሳይታከም ሲቀር የመርሳት በሽታን ዕድል ከሚያበዙ ነገሮች አንዱ መሆኑን የሚያስተምረው እሱ ነው። እኛ አገር ጆሮው የከበደውን አባት «ሸመገለ፣ ነገር አይገባውም» ብለን ከጨዋታ እናወጣዋለን።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው 60 የሞላና ያለፈ ሰዎች 1 ቢሊዮን ነበሩ፤ በ2050 ደግሞ 2.1 ቢሊዮን ይሆናሉ። ያን ጊዜ ከአምስቱ አራቱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ማለትም እንደ እኛ ባሉ አገሮች።

እዚህ ደግሞ የራሳችን ነገር አለ። ጡረታ የሚለው ቃል የወጣው መጦር ከሚለው ነው፤ ነገር ግን የጡረታ አበል የሚያገኘው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በድርጅት ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ የመንዝ ገበሬ፣ ሰንጋው የተመሰገነለት የጅሩ ገበሬ፣ ጡረታው ልጁ ነበር። ልጁ አሁን አዲስ አበባ ነው፤ ልጅቷ ዓረብ አገር ናት። ገንዘብ ይልካሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያስውጥ፣ ገላ የሚያጥብ፣ ዛሬ ከትናንት ምን እንደተለወጠ የሚያስተውል ዓይን ግን በባንክ አይላክም። በደብረ ብርሃን የመጠለያ ጣቢያዎች ካሉት ተፈናቃዮች መካከል ደግሞ ጧሪም ቀዬም ያጡ አረጋውያን አሉ።

ታዲያ ጄሮንቶሎጂን ማን ይማር? ከሁሉ በላይ ልትማረው የሚገባት በመርሐቤቴ የዓለም ከተማ ነርስ ናት፤ የበረኸት የጤና መኮንን ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል ባሉት ቀበሌዎች የምትሠራ የአርጎባ ልጅ ናት። እነዚህ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ተመራቂዎች ናቸው፤ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ሲመጣ ስማቸው ከዝርዝሩ የማይገኝ። ሴቶቹ ይበልጥ ይቀራሉ። ወንድም ለትምህርት ሲሄድ እናትን የምታስታምም እህት ናት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያገኘችውን ዕድል የተወችው እናቷን ለማን ጥላ እንደምትሄድ ስላጣች ነው። አሮጊት እናቷን እያስታመመች ያለች ነርስ ስለ እርጅና ለመማር እናቷን ጥላ መሄድ አለባት ማለት ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

በኢንተርኔት የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይህን ቋጠሮ ይፈታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጄሮንቶሎጂ ትምህርት ቤት የማስተርስ ትምህርቱን ዛሬ በኢንተርኔት ጭምር ይሰጣል። እንዲህ ባለ ትምህርት የተቀረጸውን ገለጻ ተማሪው በሚመቸው ሰዓት ያየዋል፤ የተግባር ልምምዱንም ፕሮግራሙ ሲፈቅድ በራሱ አካባቢ ይሠራል። ፊት ለፊት የሚደረግ ውይይት ሲኖር ግን ሰዓቱ ይከብዳል፤ በእነሱ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በጥቅምት ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ሰዓት መነሣት ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ይነሣሉ። የሚነሡበት ሙቀት ያለው ክፍልና የማይጠፋ መብራት ነው የምንለምነው።

ኮሚቴያችን የነርሶች፣ የመምህራን፣ የማኅበራዊ ሠራተኞችና የዕድር ተወካዮች ስብስብ ነው። ዕቅዳችን በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ አንዳንድ የጥናት ክፍል ከፍቶ በመጀመሪያው ዙር ስድስት ተማሪዎችን ማስጀመር ነው፤ ከስድስቱ ቢያንስ አራቱ ሴቶች ይሆናሉ፤ አካል ጉዳተኛ አመልካቾች ቅድሚያ ያገኛሉ። ተማሪዎቹ በሥራቸው ላይ እንዳሉ ይማራሉ፤ በየሳምንቱም በአካባቢያቸው ያሉ አረጋውያንን ቤት ለቤት ይጎበኛሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስም ከዚሁ ጉብኝት እንዲወጣ እንፈልጋለን። ምክንያቱም የምዕራቡ ዓለም መጻሕፍት በብዛት የሚናገሩት ስለ መጦሪያ ተቋማት ነው፤ የእኛ ሰው የሚያረጀው ግን በልጁ ቤት፣ በምድጃው ዳር ነው። ስለዚህ እርጅና የተጻፈልን ጥቂት ነው፤ ራሳችን ልንጽፈው ይገባል።

የኢንተርኔቱ ጉዳይ ያሳስበናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ መስመር ሲኖር ገለጻዎቹንና መጻሕፍቱን አውርዶ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር በየክፍሉ እናኖራለን፤ የመሐል ሜዳው ክፍል በፀሐይ ኃይል ይሠራል። የትምህርት ክፍያውም ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ ከአቅማችን ርቋል። ስለዚህ መጀመሪያ ነፃ የትምህርት ዕድል ወይም የክፍያ ቅናሽ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችን እንጠይቃለን፤ የእናንተ ገንዘብ የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ የማመልከቻውን ክፍያና ከቅናሽ በኋላ የሚቀረውን ይሸፍናል። ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ጋር እስካሁን ስምምነት አልፈረምንም፤ የፈረምን ቀን እናሳውቃለን። ወደፊት የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ራሳቸው እንዲከፍቱት እንጠይቃለን፤ ያን ጊዜ እነዚህ ስድስቱ መምህራን ይሆናሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አንድ አባት በዕድራችን ስብሰባ ላይ «ልጄ፣ ለዲግሪ ከምታዋጡ ለአረጋውያኑ ዱቄት ብትገዙ አይሻልም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው፤ ዱቄት የሚያስፈልገው ቤት አለ። እንደ መቄዶንያ ያሉ ተቋማት የወደቁትን አንሥተው ስለሚያኖሩም እናመሰግናቸዋለን። ለአባታችን የመለስኩት የአያቴን ታሪክ ነግሬ ነው። አያቴ ዱቄት ነበራት፤ ጎተራዋ ሙሉ ነበር። የጎደላት ሕመሟን የሚያውቅላት ሰው ነበር። አባታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ለኮሚቴው የመጀመሪያውን 500 ብር ሰጡን።

በወር 200 ብር የሚያዋጡ 300 ሰዎች ቢገኙ በየወሩ 60,000 ብር ይሰበሰባል። ከዚህ ላይ የሁለቱ ክፍሎች የኢንተርኔት፣ የመብራትና የጥበቃ ወጪ ይከፈላል፤ የቀረው ወደ ተማሪዎቹ ክፍያ ይገባል። ከዚያ በላይ የምትችሉ የአንድ ተማሪን ፈተና ወይም የአንድ ኮርስ ክፍያ መሸፈን ትችላላችሁ። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ የኮሚቴው አባል ያልሆነች የሒሳብ ባለሙያ ናት። የወሩ ገቢና ወጪ በየዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የሒሳብ ቁጥሩን ከምታውቁት የዕድር ጸሐፊ በቀጥታ ተቀበሉ፤ በሰው በሰው የተላለፈላችሁን ቁጥር አትመኑ።

ከገንዘብ ሌላም አለ። በውጭ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች የልጆቹን የማመልከቻ ጽሑፍ አንብባችሁ አርሙላቸው፤ በወር ሁለት ሰዓት ይበቃል። በጡረታ ያላችሁ ሐኪሞች ወደ ጥናት ክፍሉ ጎራ በሉ፤ ያያችሁትን ንገሯቸው። ስለ እርጅና ከእናንተ የሚማሩት ከመጽሐፍ አይገኝም። ስድስት ላፕቶፕ ያስፈልገናል፤ እስካሁን የተገኘው አንድ ነው። ቤታችሁ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ካለ፣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው ስታገኙ አስይዙልን። ባትሪው ቢደክምም ግድ የለም፤ እዚሁ እናስጠግነዋለን።