እማዬ፣ አትደብቂኝ

እማዬ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ትንፋሿ ያመልጣታል፣ ትልቁም ለፈተና እያጠና ነው። የእነሱን ወሬ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ባለፈው ሌሊቱን ስትንቀጠቀጪ አድረሽ ደሴ ሆስፒታል እንደወሰደሽ ወንድሜ የነገረኝ፣ ተሽሎሽ ቤት ከገባሽ በኋላ ነው። እኔ ስደውል "አብሽሪ፣ አልሐምዱሊላህ" ብለሽ ዘጋሽው።

አባዬ ሲታመምም እንዲሁ ነበር። ፈተና አለባት፣ አትረበሽ ብላችሁ ደበቃችሁኝ። የደረስኩት ጀናዛው ከተቀበረ በኋላ ነው። በርበሬ እየቸረቸርሽ ያስተማርሽኝን ውለታ አልረሳም፣ ያንን ያደረግሽውም ለእኔ አዝነሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ያነሳሁብሽ ሁለተኛ መርዶ ስለምፈራ ነው።

ሐሞትሽን ወደ ውጭ የምታፈሰውን ቱቦ አትናቂያት። የሐሞት ጠጠሩን በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው ካሜራ፣ ሊያወጡ የሐሞት መውረጃውን አፍ ሲቆርጡት ደማ። ያኔ ሆድሽ ሳይቀደድ የራዲዮሎጂ ሐኪሞቹ በብሽሽትሽ ደም ስር ገብተው፣ በኤክስሬይ እያዩ፣ የሚደማውን ስር በጥቃቅን ጥምዝምዝ ሽቦ ደፈኑት። የቀረው ጠጠር ሐሞቱን ሲዘጋው ደግሞ በቀኝ ጎንሽ፣ በጎድን አጥንቶችሽ መሀል፣ በመርፌ ጉበትሽ ውስጥ ገብተው ይችን ቱቦ አስቀመጡልሽ። ውፍረቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ከተደፈነች ወይም ከታጠፈች ሐሞቱ ይቆማል፣ ይመረቅዛል፣ ወደ ደምም ይገባል። ብርድ ብርድ የሚለው ከዚያ ነው።

አንቺ ደግሞ እንግዳ እንዳያያት ብለሽ ሐሞቱ የሚጠራቀምባትን ከረጢት መቀነትሽ ውስጥ ትሸጉጪያታለሽ። ከረከቦቱ ስትነሺ ቱቦዋ ስትታጠፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ከረጢቷ ሁሌም ከጎንሽ ዝቅ ትበል፣ እንግዳው ቢያይ ምን ይላል? ወንድሜም ቱቦዋን የሚያጥብበትን ሳላይን፣ የጨው ውሃውን፣ በስሪንጅ እንዳሳዩት ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይግፋ እንጂ መልሶ አይሳብ።

በየሁለት ሦስት ወሩ መቀየር አለባት፣ ጊዜዋም ደርሷል። መንገዱ ያደክመኛል ስላልሽ ከኮምቦልቻ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጬልሻለሁ። ብትቆጪም ተቆጪ፣ ብቻ ነይ። ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ከረጢቷ ባዶ ከሆነች ወይም ደም ካየሽባት ግን ቀኑን አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ደሴ ሂዱ፣ ለእኔም መኪና ውስጥ ሆናችሁ ደውሉልኝ።