የዋልካው ማሳህ ወሬ

ቢቸና፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለምወድህ አበልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህም ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ትንሽ ደከመ እንጂ ድምፃቸው ያው የምታውቀው ነው። የክርስትና ልጅህ ስድስተኛ ክፍል ገብቷል። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም። መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ ነገ ዛሬ ስል ሦስት ዓመት አለፈ። ናፍቀኸኛል።

የምጽፍልህ ስለ ማሳህ ነው። ምስሩ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሆኖ የቀረ ጊዜ «ይህ መሬት የውሃ እንጂ የእኔ አይደለም» ብለህ ለእኔ በእኩል ሰጥተኸው ስለወጣኸው ዋልካ፣ ውሃ ስለሚቋጥረው ጥቁር አፈር። ዘንድሮ ስንዴ ቆሞበታል፤ ዛላው አጎንብሷል። ማታ ማታ ሄጄ ዳር ዳሩን ሳልዞር አልተኛም።

ያደረገው ቢቢኤም የሚሉት መሣሪያ ነው፤ ሰፊ መደብ ማውጫ ማለት ነው። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን አስሮ መደብ የሚያወጣ ሠርቶ ነበር፤ ግን ለበሬውም ለአራሹም ከበደ። ኋላ ኢንጂነሩ ዶክተር መለሰ ተመስገን አይባር የተባለውን ቀለል ያለ አወጡ፤ የእኛው ማረሻ ላይ የሚገጠም። ያው ሞፈር፣ ያው ቀንበር፣ ያው ጥንድ በሬ። ብረቱ አፈሩን ግራና ቀኝ እየገፋ ቦይ ይከፍታል፤ በሁለት ቦይ መካከል መደብ ቆሞ ይቀራል፤ ዘሩ እመደቡ ላይ ይሆናል። ደስ ያለኝ በሬያችንን አለመናቁ ነው። ትራክተር ካልገዛችሁ ሰው አትሆኑም ያለን ስንት ሰው ነበር!

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ገና ሳይነጋ ኩታዬን ተከናንቤ ሄድኩ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚት ሰመጠ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው በቦዩ ውስጥ ድምፅ እያሰማ ይወርዳል፣ መደቡ ላይ ግን ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ጣቴን ከሥሩ ሰድጄ አፈሩን አወጣሁት፤ እርጥብ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። አንተን አሰብኩህ። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን ጓያና ሽምብራ የምንጥልበት መሬት እኮ ነው፣ በሐምሌ ተዘርቶበት!

ችግር የለውም አልልህም። ቦዩ ያወጣው ውሃ የሆነ ቦታ መውረድ አለበት፤ አምና ታች ያለው ጎረቤቴ ማሳ ላይ ወርዶ ተቀያየምን፤ ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቅነው። ዘንድሮ ከላይ እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ፈሰስ በደቦ ቆፈርን። ብረቱን ለብቻህ ገዝተህ ለብቻህ ብትጠቀም ጠብ ነው የምትዘራው።

እናትህ ጎታ ውስጥ ያለውም ነገር ተለውጧል። በቆሎው በነቀዝ ዱቄት እየሆነ ሲያስቸግራቸው ክኒን ይጨምሩበት እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ልጆች በሚተኙበት ቤት፣ ያ መርዝ! አሁን ፒክስ የሚባል ከረጢት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካሜሩን ውስጥ ለላም አተር ብለው ያወጡት። ውጪው ያው የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ሁለት ተደራራቢ ወፍራም ላስቲክ አለ። በደንብ የደረቀ እህል ትሞላለህ፣ አየሩን ጨምቀህ ታስወጣለህ፣ አንዱን ላስቲክ ጠምዝዘህ፣ አጥፈህ ታስራለህ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ጆንያውን። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል። በጥር ያሰርነውን ሐምሌ ላይ ስንፈታ እናትህ አንድ እፍኝ ዘግነው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ነፉት፣ ዱቄት አልበነነም። ዝም ብለው ቆዩና «ለመድኃኒት የማወጣው ብር ቀረልኝ» አሉ።

ስለ ላሟም ልንገርህ። ወለላን ማስዳቀል ሁለት ጊዜ ከሽፎብኝ ነበር፤ አንዴ አዳቃዩ በማግስቱ ደረሰ፣ አንዴ በመርፌ የሚሰጠውን የኮርማ ዘር የሚያቀዘቅዘው ናይትሮጅን አልቋል ተባልኩ። ንዴቴን አትጠይቀኝ፤ ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት አንድ ቀን ካለፈ እኮ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። በሦስተኛው ጎህ ሲቀድ ስትጮህ ሰማሁና ወዲያው ደወልኩ፣ አመሻሹ ላይ መጣ፤ ጠዋት የፈለገች ላም ማታ ነው የምትዳቀለው። ያዘላት። ክልሷ ጥጃ አሁን ጊደር ሆናለች። ገለባ ብቻ ስለማይበቃት በየእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ተክያለሁ።

ክትባት በመጣ ቁጥር ከብቶቹን ይዤ ከሁሉ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። አያቴ ስለ ክፉ ቀን ያወራችልኝ አይጠፋብኝም፤ ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ በ1880ዎቹ በሬውን ጨርሶ ሰው በእጁ መሬት ቆፈረ ትል ነበር። ያ በሽታ በክትባት ከዓለም ጠፍቷል፤ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህን ለልጆቹ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

አጨዳው ኅዳር አጋማሽ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ና፤ ከእኩሉ ድርሻህን በገዛ እጅህ ስፈር። ስትመጣ ካለህበት አሥር የፒክስ ከረጢት ግዛልኝ፤ እዚህ ቶሎ ያልቃል። ከመግዛትህ በፊት ላስቲኩን ወደ ብርሃን ዘርጋውና እይ፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተበሳ አይሆንም። እናትህ ለአንተ ያሰሩትን አንዱን ከረጢት እስክትመጣ አልፈታም ብለዋል።

አበልጅህ