ትውልድ ስንቆጥር እናቶችን አንዝለል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ቢቸና ነው። በቅርቡ በአካባቢያችን የቤተሰብን ታሪክና የትውልድ ሐረግ ለመመዝገብ የተቋቋመ አንድ ማኅበር ውስጥ አባል ሆኛለሁ። ሥራው ደስ ይለኛል፤ ወጣቶቹም ጎበዞች ናቸው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ካልተስተካከለ ልፋታችን ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

የምንሞላው ቅጽ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። እናት የምትጠየቀው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ከታች፣ በጠባብ መስመር።

የጎጃም አቆጣጠር እንዲህ አልነበረም። አባቶቻችን ትውልድ የቆጠሩት ለወግ ብቻ አይደለም፤ ለርስት ነው። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት የተወለደ ሁሉ፣ በወንድ በኩል ይምጣ በሴት፣ «ድርሻዬን» ማለት ይችል ነበር። ስለዚህ ሰው በአባቱ እናት ወይም በእናቱ አያት በኩል ራቅ ያለ አጥቢያ ድረስ ሄዶ ይሟገታል። የሴቷን ስም የማያውቅ መሬቱን ያጣል። ጋብቻም ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት የሚቆጥሩት በእናትም በአባትም ነው።

አባቴ ከተወልን ወረቀቶች አንዱ የድሮ የርስት ሙግት ነው። አራት ላይ ታጥፎ ስለኖረ የታጠፈበት ቦታ ሳስቷል። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ውኃ ነክቶት ፈዟል። «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ ከዋና አባት እስከ አባቴ ይወርዳል። ከስምንቱ ትውልድ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አንዷ ብትወጣ ሐረጉ እዚያው ይበጠሳል። የማኅበራችን ቅጽ ላይ ሦስቱም ቦታ የላቸውም።

ይህ እውቀት የተረሳበትን ምክንያት መገመት አይከብድም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። ከዚያ በኋላ መሬት ይገኝ የነበረው ከገበሬ ማኅበር እንጂ ከምንጅላት አልነበረም። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ፣ በ1960፣ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ ርስቴን ሊነኩብኝ ነው የሚል ስጋት ነበረው። ያን ያህል የተሳሳለት ርስት ሲቀር ቆጠራውም ሥራ ፈታ። ልጆቻችን አሁን ከአያት በላይ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። የአያታቸውን እናት ስም የሚያውቅማ ስንቱ ነው?

ያም ሆኖ ጊዜው ጥሩ ነው እላለሁ። ድሮ ለመሬት ሲባል የሌለ አያት የሚቀጥል ተሟጋች ነበር፣ በሐሰት የሚመሰክርም ነበር። ዛሬ ግን በውሸት የሚገኝ ጥማድ መሬት የለም። ሽማግሌው እውነቱን ቢናገር የሚከስረው ነገር ስለሌለ፣ እንደዚህ ዘመን ለመዝገብ የተመቸ ጊዜ አልነበረም።

ጎረቤቶቼ «በዚህ ጊዜ ትውልድ መቁጠር ጦስ ያመጣል» ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ያየነውን አይተናል። ግን የሚያጣላው የአባትን መስመር ብቻ ይዞ «እኔ ንጹህ ነኝ» ማለት ነው። በእናቶች በኩል የወጣ ሰው አገው ያገኛል፣ ጋፋት ያገኛል፣ ከዓባይ ማዶ የመጣች ኦሮሞ ያገኛል። የጎጃምን ትውልድ ቆጥረው የጻፉልን አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ራሳቸው ኦሮሞ ተወልደው ጎጃም ያደጉ ናቸው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም ይመዝገቡ። ሽማግሌዎች እነሱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኛ ግን ስማቸውን በሙሉ እንጻፍ።

አጠያየቁም ብልሃት ይፈልጋል። ዘጠናን ያለፉ አክስት አሉኝ። ቅጽ ዘርግቼ «የአያትዎ ስም?» ስላቸው ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስል ይቆጠባሉ። እንዝርት ይዘው ጥጥ እየፈተሉ ከሆነ ግን ራሳቸው ይጀምራሉ። አንድ ቀን የአያታቸውን እናት ስም ስጠይቃቸው ክሩን በጣታቸው ይዘው፣ «የክርስትና ስሟን ነው የዓለም ስሟን? ቄሱ እኮ በዓለም ስሟ አያውቋትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፍታቱም ተዝካሩም በክርስትና ስም ነው። ሁለቱም ስም ካልተጻፈ የቤተሰብ ወሬና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አይገናኙም።

ሴት ደግሞ ስታገባ ከአጥቢያዋ ትወጣለች። ስለዚህ የተወለደችበትና የተቀበረችበት ደብር ለየብቻ ይጠየቅ። ዓመተ ምሕረት ለማያስታውስ ሰው «ከክፉ ቀን በፊት ነው በኋላ? ጣሊያን ሲገባ ስንት ልጅ ነበራት?» ማለት ይሻላል። ክፉ ቀን ከ1880 በኋላ ያሉት የረሃብ ዓመታት ስለሆነ ዘመኑ በግምትም ቢሆን ይገኛል። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይም የርስት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። ይህን የሚያነብልን ግን የደብሩ ካህን ነው፤ ማኅበሩ ካህናቱን አስፈቅዶ ይሂድ እንጂ ዝም ብሎ ካሜራ ይዞ አይግባ።

አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ላላችሁ የጎጃም ልጆች፦ ሣጥን ውስጥ የሙግት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የጋብቻ ውል ካላችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለዘመድ ሁሉ ላኩ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ለእኛም ቢሆን። በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት።

የእናትን መስመር እስከ ሰባት ቤት የሚጠይቅ ቅጽ በእጄ አዘጋጅቼ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ከሰኔ በፊት ከታተመ፣ ተማሪዎች ለክረምት ወደየገጠራቸው ሲገቡ ይዘውት ይሄዳሉ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከቢቸና