ደብዳቤ ለልጄ፦ ፋርማሲስቱ አጠገብሽ ሲቆም

ልጄ፣

ትናንት በስልክ "እማ፣ ድንገተኛ ክፍላችን ከእኛ ጋር በሽተኛው አጠገብ የሚሠራ ክሊኒካል ፋርማሲስት ተመደበልን፣ ግን የሚቆጣጠረኝ እየመሰለኝ እጄ ይንቀጠቀጣል" ስትይኝ ደክሞሽ ስለነበር ብዙ አላወራሁሽም። ከዘጋሽው በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይኸው እጽፍልሻለሁ።

እኔ ነርስ ሆኜ ሥራ ስጀምር ፋርማሲስት ማለት በመስኮት በኩል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ነበር። አንድ ሌሊት የሚንቀጠቀጥ በሽተኛ መጣ፣ መንቀጥቀጡን የሚያቆም ፌኒቶይን ታዘዘለት። ክንዱ ላይ ደክስትሮስ፣ ስኳር ያለው ግሉኮስ፣ ተሰክቷል። በዚያው መስመር መስጠት ስጀምር ቱቦው ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ወዲያው ዘግቼ ነቀልኩት። ለካ ፌኒቶይን ከደክስትሮስ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፣ የሚሰጠው በኖርማል ሳላይን፣ በጨው ውሃው ነው። ይህን የሚነግረኝ ሰው ለማግኘት በሽተኛውን ትቼ ኮሪደሩን ሙሉ ሮጥኩ። ያ ሩጫ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ ነው። መድኃኒት ፍለጋ፣ ስልክ፣ ብጥበጣ፣ ስሌት፣ ቻርት። መሃል ላይ "ሲስተር!" ይሉሻል፣ ስሌቱን ከመጀመሪያው ትጀምሪዋለሽ። የሕፃን ዶዝ ላይ ደግሞ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች አሥር እጥፍ ሰጠሽ ማለት ነው።

በኋላ ፋርማሲስት አብሮን መሥራት ሲጀምር እኔም እንዳንቺ ከፍቶኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ የስትሮክ በሽተኛ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ ለ1 ኪሎ 0.9 ሚሊግራም ነው የሚታሰበው፣ ቢበዛ 90። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 63 ይሆናል፤ 6.3ቱ በ1 ደቂቃ፣ ቀሪው 56.7 በ60 ደቂቃ ይገባል። ብልቃጡን ከናጥሽው አረፋ ይሆናል፣ ቀስ ብለሽ ነው የምታዞሪው። ፋርማሲስቱ ይህን ሁሉ ለማዘጋጀት ሲሰናዳ እኔ ሁለተኛ የደም ስር ከፈትኩ፣ ስኳሩን ለካሁ፣ ግፊቱ ከ185 በ110 በታች መውረዱን አየሁ፣ የበሽተኛውን ሚስት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያየችው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ረጋ ብዬ ጠየቅኋት፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ 4 ሰዓት ተኩል ካለፈው ነገሩ ሌላ ነው። ብቻዬን ብሆን ከእነዚህ አንዱ ይዘገይ ነበር።

ሚስትየው የመድኃኒቶቹን ፌስታል ይዛ መጥታለች። ፋርማሲስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ሲያይ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን አገኘ። "ትናንት ማታ ወስዷል?" አላት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ወዲያው ሁሉንም አስቁሞ የደሙን የመርጋት ምርመራ ጠየቀ። እኔ ያችን ፌስታል አይቻታለሁ፣ ለመክፈት ግን ጊዜ አልነበረኝም።

ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ጠይቂው። "ይሄና ይሄ በአንድ መስመር ይሄዳሉ?" ማለት አያሳፍርም። ስሌትሽን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ እሱም የራሱን ያንብብልሽ። የበጠበጠውን ሲሰጥሽ ግን ስሙን፣ መጠኑን፣ የበሽተኛውን ማንነት ራስሽ ሳታዪ እንዳትሰጪ። መርፌው ያለው አንቺ እጅ ላይ ነው። እሱም ይህን ስታደርጊ አይከፋውም፣ ከከፋውም ይክፋው።

የሚተርፍሽን ጊዜ ደግሞ ቻርት ላይ አትጨርሺው። ገና መድኃኒት የጀመርሽለት ሰው አጠገብ ቁሚ። ፊቱ ሲቀላ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ ንግግሩ ሲጎተት ከሞኒተሩ ቀድመሽ የምታዪው አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ፋርማሲስቱ ቀን ቀን ብቻ ነው ብለሽኛል። ሌሊት ለማን እንደምትደውዪ ጠይቂው፣ አብረው የማይሄዱትን መድኃኒቶችም በወረቀት ጽፎ የመድኃኒት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፍላችሁ። የሌሊት ተራሽ ከመድረሱ በፊት ያለሽን ንገሪኝ።

እናትሽ