ልጄ ይረከበኛል የሚለው ተስፋ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ወላጆች ልጆቻቸው የቤተሰቡን ሥራ እንዲረከቧቸው ተስፋ ሊያደርጉ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ከልጁ ወገን ብቻ ነው። ልጁ የራሱን መንገድ የመምረጥ መብት አለው፣ ወላጅም ይህን መብት መንካት የለበትም ይባልና ክርክሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። በመብቱ ላይ የምከራከረው የለኝም። ይሁን እንጂ ከአባቴ የተረከብኩትን ማተሚያ ቤት ለ31 ዓመታት የመራሁ፣ ዛሬ ደግሞ የሁለት ልጆች አባት የሆንኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ተስፋ ከልጁ አስቀድሞ የሚጎዳው ሌላ ነገር እንዳለ በራሴ ላይ ደርሶ አይቻለሁ፤ እርሱም ልጁ እንዲረከበው የሚታሰበው ሥራ ራሱ ነው።

አባቴ ማተሚያ ቤቱን የጀመሩት በአንድ አሮጌ ማሽንና በአንድ የወረቀት መቁረጫ ነበር። ቀለም ከጣታቸው የማይለቅ፣ የታተመውን ገጽ ወደ ብርሃን አንሥተው ሳያዩ ለደንበኛ የማያስረክቡ ሰው ነበሩ። «ወደፊት ትረከበኛለህ» ብለውኝ ግን አያውቁም። ተስፋቸው የሚታወቀኝ በሌላ መንገድ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከማሽኑ አጠገብ አቁመው ያስተዋውቁኛል፣ የትምህርት ውጤቴን ሲመለከቱ ዓይናቸው ከሁሉም አስቀድሞ የሒሳብ ነጥቤን ይፈልጋል፣ ከማተሚያ ቤቱ በር በላይ ባለው ሰሌዳ ላይም ከስማቸው ቀጥሎ «እና ልጆች» የሚል አስጽፈው ነበር፤ ሰሌዳው ሲሰቀል እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መምህር መሆን እንደምፈልግ በነገርኳቸው ቀን አልተቆጡኝም። «መልካም ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቢቆጡ ኖሮ መልስ እሰጥ ነበር፤ ለዝምታቸው ግን የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

በማስተማር ሥራዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ አባቴ በድንገት ታመሙና ለመናገር የሚቸገሩ ሆኑ። እኔም መጣሁ። የጠበቀኝ መዝገብ የሒሳቡን ግማሽ ብቻ የያዘ ነበር፤ የቀረው ግማሽ በአባቴ ልብ ውስጥ ነበር። ሙያ በልብ ነው የሚለውን ብሂል ይወዱት ነበርና ለየትኛው ደንበኛ ዱቤ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ወረቀት አቅራቢ ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ከአንድ አበዳሪ ጋር በቃል የተስማሙበት የክፍያ ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ አላሰፈሩም። ይህን ሁሉ የሚያውቁ አንድ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ለ19 ዓመታት አብረዋቸው የሠሩት ፎርማን። እኒህ ሰው ማተሚያ ቤቱን አንድ ቀን እንደሚመሩ ተነግሯቸው አያውቅም፤ እንደማይመሩም እንዲሁ። እኔ በገባሁ በአራተኛው ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ሲሰናበቱኝ «ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን እኔንም የሚያየኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። ከዘወትር ደንበኞቻችን ሁለቱ ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ፎርማኑን ካጣንበት ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ግን ይህ ቀላል ነበር። የማተሚያ ቤቱን ጥራት ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አባቴን ለረጅም ጊዜ በልቤ የወቀስኳቸው ከማስተማር ስለለዩኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላስብም፤ አስገድዶ ያመጣኝ አልነበረም፣ ሥራውንም እያደር ወድጄዋለሁ። ስሕተታቸው ያለው ተስፋውን በዝግጅት ቦታ በማስቀመጣቸው ላይ ይመስለኛል። ማን ይተካዎታል የሚል ጥያቄ በመጣ ጊዜ «ልጅ አለኝ» የሚለው መልስ በቂ ሆኖ ይታያቸው ነበር። ሒሳቡ በማን እጅ ይግባ፣ ፎርማኑ ምን ይጠብቁ፣ ብታመም ማን ይፈርማል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በዚያ አንድ መልስ ተሸፍነው ቀሩ። ያ መልስ ግን እኔ ያልሰጠሁት ቃል ነበር። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለውን አባባል ሰው የሚረዳው በገንዘብ ዕዳ ነው፤ እኔ የወረስኩት ከባዱ ዕዳ ግን ሳይወሰኑ የቀሩት ነገሮች ነበሩ።

ነገሩ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ አልጽፈውም ነበር። በዴንማርክ ከ5,000 በላይ የሥራ አስኪያጅ ለውጦችን የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ኃላፊነቱ ለቤተሰብ አባል ሲተላለፍ የድርጅቱ ትርፋማነት ከውጭ ሰው ሲሾም ከሚሆነው ቢያንስ በ4 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል። ልጅ የሚሾመው ድርጅቱ ቀድሞውኑ የተዳከመ ስለሆነ ነው የሚል ክርክር እንዳይነሣ የተጠቀሙበት መንገድ ብልሃት ያለበት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ የሆነ ሥራ አስኪያጆች ሥራውን በቤተሰብ ውስጥ የማስቀረታቸው ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የበኩር ልጅ ጾታ ደግሞ ከድርጅቱ ጥንካሬ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ፣ ተመራማሪዎቹ በእርሱ አማካይነት የውርሱን ውጤት ከሌላው ምክንያት ሁሉ ለይተው ሊያዩት ቻሉ። (ሴት ልጅ ላለው አባት ይህን ማንበብ ያማል። ጥናቱ ስለ ገንዘብ ቢሆንም፣ ሴቶች ልጆች ምን ያህል ጊዜ ሳይጠየቁ እንደታለፉም በዚያው ውስጥ ይናገራል።)

ከዚህ ተነሥቼ የባለቤት ልጆች ሰነፎች ናቸው አልልም። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች መካከል ብቻ የሚመርጥ ሰው፣ ሥራውን ከሚያውቁት ሁሉ መካከል ከሚመርጠው ይልቅ የመሳሳት ዕድሉ ሰፊ መሆኑ ግልጽ ነው። ከልጁ ውጪ ያሉት ደግሞ በራቸው መዘጋቱን ሲያውቁ አይቀመጡም። አን ዋንግ የተባሉት የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ የመሠረቱት ዋንግ ላቦራቶሪስ በዘመኑ በጽሕፈት ማቀነባበሪያ መሣሪያዎች እጅግ የታወቀ ኩባንያ ነበር። ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው የሠሩት የኩባንያው ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ1985 ለቀው ሄዱ፤ በቀጣዩ ዓመት የዋንግ ልጅ ፍሬድ በዚያ ቦታ ተሾመ። በ1989 አባትየው ራሳቸው ልጃቸውን ከኃላፊነት አነሡት፤ በቀጣዩ ዓመት አረፉ፤ ኩባንያው ደግሞ በ1992 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዘመኑ ወደ ግል ኮምፒውተር ያዘነበለበት ስለነበር ውድቀቱን በሙሉ በልጁ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚከብደኝ ያ አባት ከመሞታቸው በፊት ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ማሰናበታቸው ነው። ሥራም አባትነትም በአንድ ቀን ውስጥ የተጎዱበት ውሳኔ ነው።

ልጁ መጥቶም ሥልጣን ሳይሰጠው የሚቀርበት ሁኔታ አለ። የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ልጃቸውን ኤድሰልን እ.ኤ.አ. በ1919 የኩባንያቸው ፕሬዚዳንት አደረጉት፤ ውሳኔዎቹን ግን ደጋግመው ይሽሩበት ነበር። ኤድሰል በ1943 በ49 ዓመቱ ሲሞት፣ 80ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ የተቃረቡት አባት ተመልሰው በወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወንበርን መስጠትና ቃልን መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሌላ ወገን ያሉት ሰዎች የሚሉትን አቅልዬ አላየውም። ከልጅነቱ ጀምሮ በሥራ ቦታ ያደገ ሰው ትምህርት ቤት የማይሰጠው እውቀት አለው። እኔ ራሴ ማሽኑ ሊበላሽ ሲል ከሌላው ሠራተኛ ቀድሜ በድምፁ የምለየው፣ የቤት ሥራዬን ከአጠገቡ ተቀምጬ ስለሠራሁ ነው። ቤተሰብ የሚመራው ሥራ የዛሬን ትርፍ ትቶ የሃያ ዓመቱን ሊያስብ ይችላል፤ ሠራተኛውንም በስሙ ያውቃል። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ረጅም ዕድሜ ያገኙትን የቤተሰብ ሥራዎች በቅርብ ሲያዩዋቸው የኖሩት በወንድ ልጅ ብቻ ተማምነው አይደለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ578 የተቋቋመው ቤተ መቅደስ ሠሪው ኮንጎ ጉሚ እስከ 2006 ድረስ፣ ማለትም ከ1,400 ዓመታት በላይ፣ በአንድ ቤተሰብ ስም ሲሠራ የኖረው ብቁ ልጅ ሲጠፋ ብቁ አማች እየተቀበለ፣ አማቹም የቤቱን ስም እየወሰደ ነው። የሱዙኪ መኪና ኩባንያን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የመሩት ኦሳሙ ሱዙኪም ወደ ቤተሰቡ በጋብቻ ገብተው ስሙን የተቀበሉ ሰው ነበሩ። እነዚህ ቤተሰቦች ተስፋ ያደረጉት ሥራው እንዲቀጥል ነበር፤ ማን እንደሚያስቀጥለው ደግሞ መርምረው ወሰኑ።

እንደ እኔ አመለካከት ብዙ ወላጆችን የሚያደናግረው ሦስት ነገሮችን በአንድ ቃል መጥራታችን ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1978 ቤተሰብን፣ ባለቤትነትንና ሥራን በከፊል በተደራረቡ ሦስት ክቦች ሥለው አሳይተዋል። ሥዕሉ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ልጅ ሆኖ ባለድርሻ ላይሆን፣ ባለድርሻ ሆኖ ሠራተኛ ላይሆን፣ ሠራተኛ ሆኖ ከሁለቱም ውጪ ሊሆን እንደሚችል ባንድ እይታ ያሳያል። እኛ ቤት እነዚህ ሦስቱ አንድ ነበሩ። እኅቴ በማተሚያ ቤቱ አንድ ቀን ሳትሠራ ግማሽ ድርሻ ወረሰች፤ እኔ ደግሞ ሌት ተቀን እየሠራሁ ደመወዜ ስንት እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ አልነበረም። ለዓመታት እርስዋ ትርፍ ደበቀብኝ ብላ፣ እኔም ልፋቴን አላየችልኝም ብዬ ተቀያየምን። ድርሻዋና ደመወዜ ተለይተው በወረቀት በሰፈሩበት ዓመት፣ ከዚያ ሌላ ምንም እርቅ ሳያስፈልገን፣ በሰላም መነጋገር ጀመርን። ልጆቹ እንዲረከቡት የሚመኝ ወላጅ የሚመኘው እንዲሠሩ ነው፣ እንዲወርሱ ነው፣ ወይስ አጠገቡ እንዲሆኑ? የመጨረሻው ከሆነ ለዚያ ማተሚያ ቤት አያስፈልግም።

ስለዚህ ተስፋ አታድርጉ አልልም፤ ሰው ያለማውን ነገር ለልጁ ቢመኝ ተፈጥሮ ነው፣ እኔም እመኛለሁ። የምለው ተስፋው በቃል ይነገር፣ ከዚያም ልጁ እንደማይመጣ ታስቦ ይሠራ ነው። ልጅ ባይመጣም የሚቆም ሥራ ለመገንባት ሒሳቡን መጻፍ፣ ተተኪ ማሠልጠን፣ ደመወዝንና ድርሻን መለየት፣ የራስን መውጫ ቀን መቁረጥ ግድ ይሆናል። ልጅ ያለ ፍርሃት ሊገባበት የሚችለውም፣ እምቢ ቢል ወላጁን እንደገደለ የማይቆጥረውም እንዲህ ያለ ሥራ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ያደረግኩት ይህንን ነው። የምርት ክፍሉን ለ11 ዓመታት የመሩትን ባልደረባዬን ምክትል ሥራ አስኪያጅ አድርጌ ሾምኩ፤ እኔ በ65 ዓመቴ ስወጣ ኃላፊነቱ የርሳቸው እንደሚሆን በጽሑፍ ተፈራረምን። ከዚያ ሁለቱን ልጆቼን አስቀምጬ፣ ቢመጡ ደስ እንደሚለኝ፣ ባይመጡ ግን ማተሚያ ቤቱ መሪ እንዳለው ነገርኳቸው። መምጣት የሚፈልግ አስቀድሞ ሌላ ሰው ዘንድ ሦስት ዓመት እንዲሠራ፣ ሲገባም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝና አለቃ እንደሚኖረው አስረዳኋቸው። ከሰሌዳው ላይም «እና ልጆች» የሚለውን አስነሣሁ፤ ይህን ሳደርግ ያለቀስኩ መሆኔን ልጆቼ አያውቁም።

ወንዱ ልጄ ወዲያውኑ «አልመጣም» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሲነጋ ግን በግልጽ ስለነገረኝ አመሰገንኩት። ሴቷ ልጄ መልስ አልሰጠችም። የአምስት ዓመቱን የሒሳብ መዝገብ እንዳሳያት ጠየቀችኝና የከሰርንበትን ዓመት ጨምሮ ሁሉንም ሰጠኋት። መዝገቡን ከወሰደች ሰባት ሳምንት ሆኗታል፤ እስካሁን ምን አሰብሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ