ለእትዬ ሙሉ፣ ስለዚያ ፎቶ

ውድ እትዬ ሙሉ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሰለሞንም ልጆቹም ሰላም ብለውሻል። ገንዘቡን ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ። አምስት መቶ ዶላር ነው፣ በአንቺ ስም። ሙሉው ለእማዬ ዓይን ነው፤ የዳዊትን ሠርግ ታኅሣሥ ላይ ለብቻው እልካለሁ። እባክሽ አታደባልቂው።

ናታን ሙዚየም ውስጥ ከዳይኖሰር ጋር የተነሳውን ፎቶ አይተሽ በስልክ ያልሽኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ለዳይኖሰር የሚሆን አላችሁ፣ የእናት ዓይን ሲሆን ግን ወር ጠብቁ ይባላል» አልሽኝ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት አንዴ ከጀመርኩ እንደማላቆም ስለማውቅ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ነበሩ። አሁን ተኝተዋል፤ ልንገርሽ።

ለዚያ ቀን መግቢያ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። አብራኝ የምትሠራው አስቴር የዓመት አባልነት ካርድ አላት፤ እንግዳ ማስገባት ስለሚፈቀድላት በእሷ ካርድ ነው የገባነው። ናታን ደግሞ በዕድሜው ነፃ ነው። ምሳም ከቤት ይዘን ነው የሄድነው፤ የካፌውን ዋጋ አይቼ አማትቤ ተመለስኩ። ፎቶው ላይ ልጁ የሳቀ መስሎሻል፤ ሳቅ አይደለም። ዳይኖሰሩ በሞተር አንገቱን እያዞረ ሲያጓራበት ሊጮህ አፉን የከፈተው ነው። ወዲያው ሰለሞን አቅፎት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል ዞረን አላየነውም።

የሄድነውም እኔና ሰለሞን አንድ ላይ እረፍት የሆንንበት እሑድ ስለተገኘ ነው። እሱ ቀን እኔ ሌሊት ስለምንሠራ የምንገናኘው በር ላይ ነው፣ ልጅ ስንቀባበል። ማማረሬ አይደለም። የሞግዚት ዋጋ ብነግርሽ አንቺም እንደኛ ታደርጊ ነበር።

ቦታው ፓስፊክ ሳይንስ ሴንተር ይባላል፤ እዚሁ ሲያትል መሃል፣ ያ በፖስት ካርድ የላክሁልሽ ረጅም ስፔስ ኒድል አጠገብ ነው። ሁለቱም የተሠሩት በፈረንጆቹ 1962 ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ነው አሉ። ከመሃል ከተማ የሚወስደው ሞኖሬልም የዚያን ጊዜ ነው፤ በሕንፃ መሃል ከፍ ብሎ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሄድና ያልቃል። ማክዳ ሙዚየሙን ትታ እሱኑ ተመልሰን እንሳፈር ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔማ በሰው ፊት አፈርኩ፤ እዚህ ግን ዞሮ የሚያይ እንኳ የለም።

ውስጡን ብታዪው ደስ ይላል። እኛ በልጅነታችን ሙዚየም ስንሄድ መምህራችን እጃችንን ወደ ኋላ አስረን እንድንሄድ ታደርገን አልነበር? እዚህ የማይነካ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ግቢው ውስጥ ሁለት ቶን የሚመዝን የግራናይት ኳስ አለ። ከሥሩ ውሃ በግፊት ስለሚወጣ ድንጋዩ በስስ ውሃ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ታቹን አይነካም። ገና አራት ዓመት ያልሞላት ማክዳ በመዳፏ ገፋ ስታደርገው ዞረላት! ሰለሞን ቆሞ ሲያይ ቆየና ወገቡን እያሻሸ «ሻንጣውም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት» አለ። እማዬ የምታውቀው ኤርፖርት ቢሮ ውስጥ እንደሚሠራ ነው፤ ስታነቢላት እዚህ ጋ ዝለዪው።

የቢራቢሮ ቤትም አለ። በሩን ስትከፍቺ ሙቀትና እርጥበት ፊትሽን ይመታሻል፤ መነጽሬ ጭጋግ ለብሶ ለጊዜው ምንም አላየሁም። ግን ሸተተኝ። ዝናብ የጠጣ አፈርና ቅጠል፣ እማዬ ጓሮውን ስታርም የሚመጣው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ሰለሞን «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ መነጽሬን ነው አልኩት። ስትወጪ ቢራቢሮ ልብስሽ ላይ ተለጥፎ እንዳይሄድ በመስታወት ዞር ብለሽ ታያለሽ። ናታን ጀርባ ላይ አንድ ሰማያዊ ተገኘና ካልወሰድኩት ብሎ አለቀሰ።

ጉዱ ግን ፍልፈሉ ነው። ጸጉር የሚባል የለውም፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ። አገሩ የእኛው ኦጋዴን፣ ሶማሊያና ኬንያ ሆኖ ሳለ እዚህ በመስታወት በተሠራለት ጉድጓድ ይርመሰመሳል። አንዲት ንግሥት ብቻ ትወልዳለች፤ የቀሩት ይቆፍራሉ፣ በር ይጠብቃሉ፣ ልጆቿን ያሳድጋሉ። ያቺን ታክል ፍጥረት ሠላሳ ዓመት ትኖራለች ቢሉሽ ታምኛለሽ? አስቴር «በይ የአገርሽን ሰው ሰላም በዪ» ብላ ሳቀችብኝ። ዓይኑ ግን ለስሙ ነው። ጨለማ ውስጥ ስለሚኖር መንገዱን በጢሙ እየዳሰሰ ነው የሚያገኘው። ልጆቹ መስታወቱን እየመቱ ሲስቁ እኔ እማዬ ግድግዳውን እየዳበሰች ከጓዳ ስትወጣ ታየችኝ። እናቴን ከምን ጋር እንዳነጻጸርኳት እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አስቴር ሌላም ነገረችኝ። ድንቅነሽ እዚህ መጥታ ነበር! በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ ገብታ እስከ 2009 መጀመሪያ በዚሁ ሙዚየም ታይታለች። ያውም ዋናው አጥንቷ። እኛ አምስት ኪሎ ያየነው ቅጂውን እኮ ነው፣ እውነተኛው ተቆልፎበት። አስቴር ነጠላዋን ለብሳ ሄዳ አይታታለች። የተጠበቀውን ያህል ሰው አልመጣም መባሉን ስሰማ ግን ተናደድኩ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየች ሴት እንግድነት መጥታ! ደግነቱ በ2013 አገሯ ገብታለች። እሷም አምስት ዓመት አልፏት ነው የተመለሰችው። የእኔ ወረቀት ገና ነው፤ አትጠይቂኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለፈው በቪዲዮ ስንነጋገር እማዬ ናታንን «ማክዳዬ» አለችው። አንቺ ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ለቀቅሁት፣ ልጆቹ እንዳይሰሙኝ። ልጆቼን በዚያች ስክሪን ብቻ ነው የምታውቃቸው፤ እሷንም ልታጣ ነው። ገነት ለእናቷ ግድ የላትም ካልሽኝ ይህን አስቢ።

የምሠራው አረጋውያን ዘንድ ስለሆነ ሞራ የተገፈፈላቸውን ብዙ አይቻለሁ። የሚደፈርሰው ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ነው፤ እሱን አውጥተው ሰው ሠራሹን ይተካሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የሚደነዝዘውም ዓይኑ ብቻ ነው፣ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። «ለአሮጊት ምን ሊበጀኝ» ስትል አትስሚያት። ምኒልክ ሆስፒታል ውሰጃት። ጸበሏንም አልከለክላትም፣ ግን ቀድማ ትጠመቅ፤ ከተሠራላት በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ውሃ ዓይኗን አይንካት። ኅዳር ሳያልቅ ከሆነ ለጥር ትደርሳለች። የዳዊትን ሙሽራ በድምፅ ብቻ እንድታውቃት አልፈልግም።

ስለ ሠርጉ ብዙ አልነገርሽኝም። ሽማግሌ የተላከ ቀን ማን ተናገረ? ጋሼ ተፈራ ናቸው አይደል፣ ነገር ሲያስረዝሙ! የሙሽራዋ የሕሊና እናት ቁጡ ናቸው የሚባለው እውነት ነው? ዳዊት ሱፉን እንዳይከራይ፤ ከዚህ እልክለታለሁ፣ የትከሻውን ልክ ብቻ ለኪልኝ። አዳራሽ የሚባለው ነገር ግን ምንድን ነው? ግቢያችን ድንኳን አይችልም? የአንቺን ሠርግ ረሳሽው እንዴ፣ ዝናብ ወርዶብን እንኳ ሰው እስከ ንጋት ሲጨፍር። ያን ቀን እንሥራውን ይዤ የሮጥኩት እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ «ሙሽራዬ» ሲባል ሥራ ላይ ነኝ፤ ስልክሽን ዘፈኑ ወዳለበት ጠጋ አድርጊልኝ፣ ኪሴ ውስጥ አድርጌ እሰማለሁ።

ልጆችሽንም እስቲ አንድ ቀን ይዘሻቸው ውጪ። በመስከረም 2015 የተከፈተው ሳይንስ ሙዚየም ቅርባችሁ አይደል? ፎቶም አንሺያቸው፤ እኔ ስንት ከፈልሽ ብዬ አልጠይቅሽም። (ይቺን ለተንኮል ነው የጻፍኳት፣ ታውቂኛለሽ።)

የእማዬ ቀጠሮ እንደተያዘ በድምፅ ላኪልኝ። ለመደወል በእናንተ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይመቸኛል፤ እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ነው፣ እረፍት የምወጣበት። አረጋውያኑ ስለሚተኙ በሹክሹክታ ባወራሽ አትቀየሚ።

ታናሽሽ ገነት